አዳራሽና እልፍኝ

የለሚ ነጋዴዎች፣ የማኅበራት ሠራተኞች፣ ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ወጣቶች፤ ገበያው ሳይበተን ሱቃችሁን ዘግታችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ቢሮ ግድግዳ ነው። ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ በሚያልፈው መንገድ ግራና ቀኝ ስንት ሕንፃ እየተጀመረ እንደሆነ እናንተው ታያላችሁ። ቋሚው ይወጣል፣ ጣሪያው ይመታል፣ ከዚያ ግንበኛው ክር ወጥሮ ወለሉን በትናንሽ ክፍል ይከፋፍለዋል። ባለቤቱ ለምን እንደሚከፋፈል አይጠይቅም፤ ቢሮ ማለት በር ያለው ክፍል፣ በሩ ላይ ቁጥር፣ ከበሩ ኋላ ሰው ማለት ነው ብሎ ስለሚያምን። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ አምን ነበር። እምነቴን ያስጣለኝን ነገር ላስቀድም።

በአንድ እህል ገዥ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ስሠራ ነው። አንድ ቀን በማለዳ ከጀማ ቆላ የወጡ አንድ አባት ሽምብራቸውን አስመዝነው የሚዛን ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። ወረቀቱ በመጀመሪያ ጥራት ተቆጣጣሪው ጋ ይሄዳል፤ ቁጥር 4። ከዚያ ግዥ ክፍል፣ ቁጥር 7። ከዚያ የክፍያ ማዘዣ ይዘጋጅለት ዘንድ እኔ ጋ፣ ቁጥር 2። ከዚያ ለፊርማ ፎቅ ላይ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ፣ ከዚያ ተመልሶ ለማኅተም፣ በመጨረሻ ገንዘብ ያዥ። እያንዳንዳችን የምንሠራው ሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ቁጥር 7 ግን ተቆልፏል። የክፍሉ ሠራተኛ ሻይ ልትጠጣ ትውጣ፣ መጋዘን ትሂድ፣ ፈቃድ ትውሰድ የሚያውቅ የለም። አባትየው ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኔ ከግድግዳው ማዶ እጄን አጣጥፌ ወረቀት እስኪመጣልኝ እጠብቃለሁ፤ እሳቸው ከግድግዳው ወዲህ በሩ እስኪከፈት ይጠብቃሉ። በመካከላችን ያለው አንድ ብሎኬት ነው።

እኩለ ቀን ላይ ለምሳ ስወጣ አየኋቸው። "አባባ፣ ትንሽ ይታገሡ፣ አሁን ትመጣለች" አልኳቸው። "እኔስ እታገሥ ነበር ልጄ፤ መኪናው ነው የማይታገሠኝ" አሉኝ።

ገንዘባቸው እጃቸው ሲገባ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ወደ ቆላው የሚወርደው መኪና ሄዷል፤ ከተማ አደሩ። በዓመቱ እኚያን አባት ፈለግኋቸው፤ አልመጡም። ኋላ ስሰማ ሽምብራቸውን መንገድ ላይ ለቆመ ነጋዴ ሸጠዋል፤ እኛ ከምንከፍለው ባነሰ ዋጋ! ነጋዴው ሚዛኑ ላይ ቆሞ ብሩን ቆጥሮ ሰጥቷቸዋል፤ እሳቸውም ከዋጋው ይልቅ ቀናቸውን መርጠዋል። ድርጅቱ ያን ሽምብራ ያጣው ዋጋ ቀንሶ አይደለም፣ ሠራተኞቹም ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። እርስ በርሳችን ስለማንተያይ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ሕንፃው ሊቀባ ሆነና ጠረጴዛዎቻችን ሁሉ ወደ አንድ ባዶ መጋዘን ወረዱ። ሁላችንም አጉረመረምን፤ ከሁሉም በላይ ያጉረመረምኩት እኔ ነኝ። መዝገቤን የት አደርጋለሁ፣ ሰው እያየኝ እንዴት እደምራለሁ አልኩ። ጠረጴዛዎቹ በግማሽ ክብ ተደረደሩ። ሥራ አስኪያጁም ጥግ ይዘው ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አንዲት እናት ምስር ይዘው ገቡ። ጥራት ተቆጣጣሪው እርጥበቱን ሲናገር እኔ በጆሮዬ እሰማለሁ፤ ወረቀቱ እጄ ሳይገባ ማዘዣውን መጻፍ ጀመርኩ። የግዥዋ ልጅ ስሙን በትክክል አልጻፍክም ብላ ከተቀመጠችበት አረመችኝ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ሳይነሡ እጃቸውን ዘርግተው ፈረሙ። እናትየው አንድ ጊዜ እንኳ የት ልሂድ ብለው ሳይጠይቁ ብራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ።

ቀለሙ ሲደርቅ ወደ ክፍላችን ተመለስን። ጠረጴዛዬን ተሸክሜ ወደ ቁጥር 2 ስወጣ ልቤ እያዘነ ነበር። ሰዎቹ እኛው ነን፣ ደንቡም ያው ነው፣ ማኅተሙም ያው። የተጨመረው ግድግዳው ብቻ ነበር፤ አግዳሚው ላይ ወዲያውኑ ሰው ተቀመጠበት።

ክፍት ቢሮ የምለው እንግዲህ ይኸን ነው። በአንድ ሥራ ላይ የተሰለፉ ሰዎች በአንድ ሰፊ ክፍል፣ ያለ ግድግዳ፣ እየተያዩና እየተደማመጡ የሚሠሩበት ቢሮ።

ይህ ነገር ከእኛ ሩቅ አይደለም። መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150,000 ኩንታል ሲሚንቶ የማምረት አቅም እንዳለው ሁላችሁም ሰምታችኋል። ይህን የሚያህል ፋብሪካ ከየት ሆኖ ነው የሚታዘዘው? በዘመናዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሁሉ ማዕከላዊ መቆጣጠሪያ ክፍል የሚባል አለ። የኖራ ድንጋዩን የሚፈጨውን ወፍጮ የሚቆጣጠረው ሰው፣ 1,450 ዲግሪ ገደማ የሚደርሰውን የምድጃውን ሙቀት የሚጠብቀው ሰው፣ የመጨረሻውን ሲሚንቶ የሚያስፈጨው ሰው፣ ሦስቱም ስክሪናቸውን ከፊታቸው አድርገው በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በመካከላቸው ግድግዳ የለም። ምክንያቱ ደግሞ ጥልቅ ነው። የጥሬ ዕቃው ወፍጮ ድንጋዩን የሚያደርቀው ከምድጃው በሚወጣው ትኩስ አየር ነው። ምድጃው በድንገት ቢቆም ወፍጮው ላይ ያለው ሰው በዚያው ቅጽበት ማወቅ አለበት። "ደብዳቤ ጽፌ ላሳውቅ፣ ወጪ ቁጥር ይሰጠው" ቢባል ፋብሪካው ይጎዳል።

የእኛ ሥራ እሳት የለበትም እንል ይሆናል። ግን የአንዱ ሥራ የሌላው ግብዓት መሆኑ በእኛም ቤት ያው ነው። የጭነት መኪና ድርጅት ቢኖራችሁ፣ ስልክ ተቀብላ ጭነት የምትመዘግበው ልጅ የትኛው ሹፌር ጎማ ፈንድቶበት መንገድ ላይ እንደቆመ ካልሰማች ለደንበኛው የማይፈጸም ቃል ትሰጣለች። ስምሪት ክፍሉ አጠገቧ ተቀምጦ በስልክ "የት ደረስክ?" ሲል ብትሰማ ግን ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። በክፍት ቢሮ ውስጥ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል፤ ሰው ማንም ሳይነግረው ያውቃል። አዲስ የተቀጠረ ልጅም እንዲሁ ነው። ነባሩ ሠራተኛ ከተቆጣ ደንበኛ ጋር በምን ቃል እንደሚግባባ፣ ቫቱን እንዴት እንደሚያሰላ፣ የተሳሳተ ደረሰኝ እንዴት እንደሚሰረዝ፣ አጠገቡ ተቀምጦ በወራት ውስጥ ይለቅመዋል። ለብቻው ክፍል ተሰጥቶት የተቀመጠ ልጅ ግን የሚማረው ከስሕተቱ ነው፤ የስሕተቱን ዋጋ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ብሩ ልግባ፤ ነጋዴ ፊት ቆሜ ሒሳብ ሳልሠራ ብወርድ አይሆንም። 10 ሜትር በ14 ሜትር የሆነ አንድ ወለል አለን እንበል፣ 140 ካሬ። በተለመደው መንገድ መካከሉ ላይ ሜትር ከሃምሳ ስፋት ያለው ኮሪደር ይወጣና ግራና ቀኝ አራት አራት ክፍል ይደረጋል። ኮሪደሩ ብቻ 21 ካሬ ይበላል። የውስጥ ግድግዳዎቹ፣ የበሮቹ ስፋት ሲቀነስ፣ 46 ሜትር ያህል ርዝመት ይኖራቸዋል። ባለ 15 ብሎኬት ሆነው ከነልስናቸው 20 ሳንቲ ቢወፍሩ የሚቆሙበት ቦታ 9 ካሬ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ካሬ። ከወለላችሁ ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ማንም አይቀመጥበትም ማለት ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ኪራይ የምትከፍሉት በካሬ ነው፤ ለዚያ 30 ካሬ በየወሩ ትከፍላላችሁ።

ግድግዳው 3 ሜትር ከፍታ ቢኖረው 1,700 ያህል ብሎኬት ይወስዳል። በዚያ ላይ ልስን፣ ቀለም፣ ስምንት በር፣ ስምንት ቁልፍ፣ ለየክፍሉ ማብሪያ ማጥፊያ። ኮሪደሩ መስኮት ስለሌለው ቀኑን ሙሉ መብራት ይበራበታል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሰው ግድግዳ እየዳሰሰ ነው የሚሄደው። ይኸው ወለል ክፍት ቢተው ግን ከሁለቱም ወገን ብርሃን ይገባል። አንድ ማተሚያ ማሽን ለሁሉም ይበቃል። ሦስት ሠራተኛ የነበረው ስምንት ሲሆን ጠረጴዛ ማጠጋጋት እንጂ ግድግዳ ማፍረስ አያስፈልግም። ለሚን በመሰለ፣ ሥራው በየዓመቱ መልኩን በሚቀይር ከተማ ውስጥ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከብሎኬቱ ዋጋም ይበልጣል።

አንዳንዶቻችሁ ይህ የፈረንጅ ነገር ነው ትሉ ይሆናል። ፈረንጁ ሞክሮታል፤ በ1906 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቡፋሎ ከተማ ውስጥ ፍራንክ ሎይድ ራይት የላርኪን ሳሙና ድርጅትን ቢሮ የሠራው ሠራተኞቹ ከላይ ብርሃን በሚወርድበት ትልቅ አዳራሽ ዙሪያ እንዲቀመጡ አድርጎ ነው። ድርጅቱ ሳሙና የሚሸጠው በፖስታ በሚመጣ ትእዛዝ ነበር፤ የደብዳቤው ጎርፍ ከእጅ ወደ እጅ እንዲያልፍ ግድግዳ መጥፋት ነበረበት። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ሽኔሌ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ወንድማማቾች ጠረጴዛን ሥራው በሚሄድበት መንገድ የመደርደርን ዘዴ አስፋፉ።

እኛ ግን ቃሉ አለን። የሸዋ ትልቅ ቤት እልፍኝና አዳራሽ ነበረው። እልፍኝ ጌታው የሚያርፍበት፣ ምሥጢር የሚመከርበት ነው። አዳራሽ ሰው ሁሉ የሚገናኝበት፣ ግብር የሚበላበት ነው። በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተውን አንድነት ፓርክ ያያችሁ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ግብር ያበሉበት የነበረውን አዳራሽ ታስታውሳላችሁ። ሹመቱም ሁለት ነበር። እልፍኝ አስከልካይ ወደ ጌታው ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ ይወስናል፤ አጋፋሪ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ሰውን ተቀብሎ በየቦታው ያስተናግዳል። የዛሬውን ቢሯችንን ሳይ እልፍኝ አስከልካዩ በየበሩ በዝቶ አጋፋሪው ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ገበሬው የሚፈልገው አጋፋሪ ነው፤ በር ላይ ተቀብሎ "ኑ፣ የእርስዎ ጉዳይ እዚያች ልጅ ጋ ነው" የሚለው።

በመንግሥት ቤትም ይህ ተሞክሯል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቢፒአር በምንለው የመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ጊዜ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ሲፈርስና ሠራተኛው በአንድ ክፍል ሲሰበሰብ ብዙዎቻችን አይተናል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሲከፈት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ገባ። ስያሜው ደስ ይለኛል። መሶብ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ እጁ እኩል ይደርሳል፣ ማን ምን እንደቆረሰም ይታያል።

ይሁን እንጂ የምወደውን ነገር ስለምወደው ብቻ እንከን የለውም ብላችሁ እንዳትሄዱ። በቢፒአር ጊዜ ግድግዳቸው የፈረሰ ቢሮዎች ውስጥ ከጥቂት ዓመት በኋላ ገብቼ ነበር። ሠራተኞቹ የፋይል ቁም ሣጥን ጀርባውን አዙረው አዲስ ግድግዳ ሠርተዋል፤ አንዷ መጋረጃ ሰቅላለች። በ2018 እ.ኤ.አ. በርንስታይንና ተርባን የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ወደ ክፍት ቢሮ የተዛወሩ ሁለት ትልልቅ ድርጅቶችን አጥንተው ነበር። ሰው ፊት ለፊት ተገናኝቶ የሚነጋገርበት ጊዜ በ70 በመቶ ያህል ቀንሶ፣ ኢሜይሉ ጨምሮ ተገኘ። ሰው ሁሌ የሚታይ ሲሆን ራሱን በሌላ መንገድ ይሸፍናል። ይህን ጥናት ሳነብ ያ መጋረጃ ነው ትዝ ያለኝ።

ታዲያ እኛ መጋዘኑ ውስጥ ለምን ተሳካልን? ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው፣ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጥነው አንድ ወረቀት የሚያገናኘን ሰዎች ነን። ጥራት፣ ግዥ፣ ሒሳብ፣ ገንዘብ ያዥ። ሥራ የማያገናኛቸውን ሠላሳ ሰዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ማጎር ጫጫታ እንጂ ሌላ አያተርፍም። መጀመሪያ ወረቀታችሁ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ተከታተሉ፤ ጠረጴዛውን በዚያ ቅደም ተከተል አስቀምጡ።

ሁለተኛው፣ ሥራ አስኪያጁ ከእኛ ጋር ነበሩ። እዚህ ላይ አባቶቼን ባስከፋም እናገራለሁ። ሠራተኛውን አዳራሽ አውጥቶ ራሱ ፎቅ ላይ በምንጣፍና በጸሐፊ ተከልሎ የሚቀመጥ ባለቤት ክፍት ቢሮ አልሠራም፤ የሚጠብቃቸው ሰዎች የሚታዩበት ማማ ነው የሠራው። ሠራተኛው ይህን ወዲያው ይረዳል፤ መጋረጃውም የሚሰቀለው ያኔ ነው። ባለቤቱ ራሱ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ሲኖረው ግን ነገሩ ይለወጣል። ደንበኛው ሲቆጣ ይሰማል። ፊርማ ፍለጋ ደረጃ የሚወጣ አይኖርም። ገንዘብ ሲቆጠር አራት ዓይን ስለሚያየው "ለሻይ" የሚባለውም ነገር ቦታ ያጣል።

እልፍኙ ግን ይቅር አልልም። ወር ሲዘጋ ሒሳብ የሚያስታርቅ ሰው ጸጥታ ይፈልጋል። ስለ ደመወዙ የሚነጋገር፣ ቤቱ ኀዘን የደረሰበት፣ በባልደረባዋ የተበደለች ሴት፣ ልጇን የምታጠባ እናት፣ እነዚህ ሁሉ በር ሊዘጋላቸው ይገባል። ካዝናም በአዳራሽ አይቀመጥም። ስለዚህ ከስምንቱ ክፍል አንዷን ወይም ሁለቷን አስቀሩ። ግን የማንም አይሁኑ፣ በሩ ላይ ስም አይለጠፍ። የሚያስፈልገው ይግባ፣ ሲጨርስ ይውጣ። እልፍኝ የሹመት ምልክት የሆነ ቀን እንደገና ኮሪደር መሥራት ትጀምራላችሁ።

ጫጫታው የምር ችግር ነው፤ በተለይ የእኛ ቢሮ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ልስን፣ ፊቱ መስታወት ስለሆነ ድምፅ የሚውጥ ነገር የለውም። አንድ ሰው በስልክ "ሃሎ" ሲል አዳራሹ ሁሉ ይመልስለታል። መድኃኒቱን ከሩቅ አታምጡ። ወፍራም የበግ ጠጉር ድምፅ ይውጣል፤ የመንዝ ባና ደግሞ ጎረቤታችን ነው። አንድ ሁለቱን ከጠረጴዛዎቹ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ስቀሉ፣ ከእግር በታችም ምንጣፍ ይኑር። ስልክ አብዝቶ የሚያወራውን ከበሩ አጠገብ፣ ቁጥር የሚደምረውን ከመስኮቱ አጠገብ አስቀምጡ። ማንም ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥ፤ ከኋላው ማን እንደገባ የማያውቅ ሰው ልቡ ሥራ ላይ አይሆንም። ነፋስ ደግሞ አለ፤ ለሚ አፋፍ ላይ ናትና መስኮቱን ስታስቡ ከገደሉ በኩል የሚመጣውን ነፋስ አብራችሁ አስቡ።

የቡናውንም ነገር ልጨምር። ቡና አዳራሹ ውስጥ ይፈላ፤ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ፣ ደንበኛውም የሚቀመስ እንዲያገኝ። በእኛ መጋዘን ውስጥ የግዥዋ ልጅና ጥራት ተቆጣጣሪው ለሦስት ዓመት ያህል ሲወዛገቡበት የነበረውን የሚዛን ልዩነት የፈቱት ሲኒ እንደያዙ ነው። ሚዛኑ ጠዋት ጠዋት ሳይስተካከል ሥራ ይጀመር ነበር፤ ሁለቱም ያውቁት ነበር፣ እያንዳንዱ ግን ሌላው የሚያውቅ አልመሰለውም።

የሕንፃ ፕላን የያዛችሁ ወይም ገና ለመከራየት ወለል ያያችሁ ካላችሁ፣ እዚያ ጥግ ካለው ጠረጴዛ አጠገብ እስከ ማታ እቀመጣለሁ። እርሳስና ማስመሪያ ይዣለሁ። ፕላን ከሌላችሁም የደንበኛችሁን ወረቀት አምጡ፤ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሚሄድ አብረን እንሥለው። ግንበኛ ቀጥራችሁ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ደውሉለት፤ ክሩን ከመወጠሩ በፊት አንድ ቀን ይጠብቃችሁ።